ኦሄር ማነው? የፓስፊክ የሌሊት ተዋጊ አብራሪዎች ነገር

ሺካጎ_ሹፌር፦

ሰላም ጎበዝ። ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ስለሆነ ጊዜ አለኝ፣ ከረዘመ ቻሉኝ።

ኦሄር ኤርፖርት ስመላለስ ዓመታት ሆነኝ። ስሙን በቀን ስንቴ እንደምጠራው እግዜር ይወቀው። የአዲስ አበባው በረራም የሚያርፈው እዚሁ ነው፣ ስንቷን እናት ከነበርበሬዋ አንስቻለሁ መሰላችሁ። ኦሄር ማነው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። የሰፈር ስም ይመስለኝ ነበር በቃ። ባለፈው ዘመድ ልሸኝ ተርሚናል 2 ስገባ አንዲት አሮጌ የጦር አውሮፕላን ቆማ አየሁ። ለካ ቡች ኦሄር የሚባል የባሕር ኃይል አብራሪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943 ፓስፊክ ላይ ከጃፓኖች ጋር ሌሊት ሊዋጋ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ሬሳውም አውሮፕላኑም አልተገኘም። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

አባትየው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የአል ካፖን ጠበቃ ነበር። በኋላ ለመንግሥት መረጃ ሰጠ፣ በ1939 እዚሁ ከተማ ኦግደን አቬኑ ላይ መኪናውን እየነዳ ገደሉት። ኦግደንን እኮ በየቀኑ ነው የምነዳው!

ከዚያ ወዲህ ስለ አሜሪካ የሌሊት ተዋጊ አብራሪዎች ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ያቺ ያየኋት አውሮፕላን ናት የሞተባት? ሁለተኛ፣ አምስት አውሮፕላን የጣለ ሰው ኤስ ይባላል አይደል፣ የቀኖቹ እነ ሪቻርድ ቦንግ 40 ጥለዋል፣ እነ ማክካምቤል 34። የሌሊቶቹ ግን ስድስት፣ ሰባት፣ ቢበዛ ዘጠኝ። ምን ሆነው ነው?


ታሪክ_ወዳድ፦

አይደለችም ወንድሜ። ያየሃት ዋይልድካት ትባላለች፣ ያውም ከሚቺጋን ሐይቅ ሥር የወጣች ናት። የቆመችው ለቀኑ ጀብዱው ነው። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1942 ሌክሲንግተን የምትባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የጃፓን ቦምብ ጣዮች ሊመቱ ሲመጡ፣ የጓደኛው መትረየስ እምቢ ስላለ ብቻውን ገባባቸው። አምስት ጣለ ተብሎ ተመዘገበለት። የባሕር ኃይሉ የጦርነቱ የመጀመሪያ ኤስ እሱ ነው፣ ሩዝቬልት ራሱ ነው የሸለመው።

የሞተው ሄልካት የምትባል ሌላ ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ነው። ኖቬምበር 26 ቀን 1943፣ ጊልበርት ደሴቶች አካባቢ። ያኔ የጃፓን ቦምብ ጣዮች ቀን ቀን እየተለቀሙ ሲያልቁ ጊዜ ሌሊት መምጣት ጀመሩ። ቤቲ የምትባለዋ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ቶርፒዶ ታንጠለጥልና ባሕሩን ልትስም ምንም ሳይቀራት ዝቅ ብላ ትመጣለች። መርከቦቹ ከተኮሱ የት እንዳሉ ያሳብቅባቸዋል፣ ካልተኮሱ ደግሞ ይመታሉ።

ኦሄር ያኔ ኢንተርፕራይዝ መርከብ ላይ የአየር ቡድኑ አዛዥ ነው። የእሱ ሄልካት ራዳር የለውም። ራዳሩ ያለው አቬንጀር የሚባል ከባድና ዘገምተኛ አውሮፕላን ላይ ነው። ስለዚህ አንድ አቬንጀር ከፊት፣ ሁለት ሄልካት ከጎንና ከጎን ሆነው ወጡ። ዓይነ ስውር በመሪ ሲሄድ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። ግን በጨለማ ተጠፋፉ። ሄልካቶቹ ሳይደርሱ ያ ዘገምተኛ አቬንጀር ራሱ ሁለት ቤቲ ጣለ። ከመርከብ ተነሥቶ በራዳር እየተመሩ በሌሊት አውሮፕላን መጣል የተጀመረው ያኔ ነው። ከዚያ ተመልሰው ሊገናኙ መብራታቸውን አበሩ። በዚያች ቅጽበት ከኋላቸው ሌላ አውሮፕላን ብቅ አለ። የአቬንጀሩ ተኳሽ ተኮሰበት። የኦሄር አውሮፕላን ወደ ግራ ሸርተት አለችና ጨለማው ዋጣት።

ማን መታው የሚለው እስከዛሬ ያጨቃጭቃል። የገዛ ወገኑ ነው የሚል አለ። ማስረጃውን ያገላበጡት ጃፓኑ ነው ወደሚለው ያደላሉ፣ እኔም እንደዚያ ነኝ። ኤርፖርቱ በስሙ የተሰየመው በ1949 ነው።


አላምንም፦

እሺ ያሳዝናል። ግን ጥያቄው አልተመለሰም። ጀርመኑ ሽናውፈር በሌሊት ብቻ 121 ጥሏል። መቶ ሃያ አንድ! አሜሪካኖቹ በአምስትና በስድስት ኤስ ተባብለው ሜዳሊያ ይጠላለቃሉ። እኔ በዚህ አልደነቅም።


ታሪክ_ወዳድ፦

አላምንም ቁጥር ስትወድ! ጀርመን ላይ እንግሊዞች በአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠር ቦምብ ጣይ ይልኩ ነበር። ሰማዩ ገበያ ነው። አሳ በሞላበት ኩሬ መረብ መጣልና ውቅያኖስ ላይ አንዲት አሳ መፈለግ አንድ ነው እንዴ?

ፓስፊክ ላይ ጃፓኖቹ ሌሊት የሚመጡት አንድ ሁለት እየሆኑ ነው። ጓዳልካናል ደሴት ላይ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች «ልብስ ማጠቢያው ቻርሊ» የሚሉት የጃፓን አውሮፕላን ነበር። ሁለቱን ሞተሮች ሆን ብሎ እኩል እንዳይሄዱ አድርጎ እያንገራገጨ ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። አንዳንዴ ቦምብ ይጥላል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይዞራል። ዋና ሥራው እንቅልፍ መንሳት ነው። በ1943 ፒ-70 የሚባል አውሮፕላን አመጡለት። ያ ደግሞ ከፍታ ላይ መድረስ አቅቶት ቻርሊ ከላይ እያንገራገጨ ሲሄድ ከታች አንጋጦ ማየት ሆነ ሥራው።


ቤቲ_ነርስ፦

ቆይ ቆይ። ለቦምብ ጣይ ስሜን ነው ያወጡላት? ምን አድርጌያቸው ነው? ሃሃሃ


ታሪክ_ወዳድ፦

ቤቲዬ ብቻሽን አይደለሽም። ለጃፓን ቦምብ ጣዮች የሴት ስም፣ ለተዋጊዎቹ የወንድ ስም ነበር የሚያወጡት። ያቺ ቤቲ ደግሞ ትንሽ ስትነካ ቦግ ብላ የምትቃጠል ነበረች፣ ነዳጅ መያዣዋ መከላከያ የለውም።


ቤቲ_ነርስ፦

እኔም ሌሊት ገብቼ ጠዋት ስወጣ እንደዚያው ነኝ 😂


የደብረዘይቱ፦

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ጥሩ ነው። እኔ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አብራሪ አይደለሁም። ግን ሌሊት አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ብዙ ዓመት ቆሜ አይቻለሁ። አላምንም የተባልከው ልጅ፣ ቁጥሩን ከመናቅህ በፊት ሥራው እንዴት እንደሆነ ላስረዳህ።

መጀመሪያ የሚያየው አብራሪው አይደለም። መርከብ ላይ ወይም ደሴት ላይ ያለ ትልቅ ራዳር ነው። እዚያ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ «ወደዚህ ዙር፣ ይህን ያህል ውጣ» እያለ ከጠላት ኋላ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ነው የአብራሪው ራዳር የሚሠራው። ሄልካቱ የሌሊት ራዳር ሲገጠምለት ቀኝ ክንፉ ላይ እንደ ዱባ ያለ ነገር ተንጠለጠለበት። የሚያየው ከጥቂት ማይል አይበልጥም።

ፊቱ ያለችው መስኮት የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ታህላለች። እሷ ላይ ሁለት ነጥብ ይመጣል። አንዷ ነጥብ ጠላት በየት አቅጣጫ፣ ምን ያህል ርቆ እንዳለ ትናገራለች። ሁለተኛዋ ጎኗ ሆና ከፍ ወይም ዝቅ ስትል፣ ጠላት ካንተ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለውን ትነግርሃለች። ሄልካት አንድ ሰው ነው የሚይዘው። ያ ሰው አውሮፕላኑን ይነዳል፣ የከፍታና የፍጥነት መለኪያውን ያያል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ እነዚያን ሁለት ነጥቦች ይከታተላል። ውጭው ድቅድቅ ነው። ባሕሩ የቱ ነው ሰማዩ የቱ ነው አይለይም።

እየተጠጋ ይሄዳል። ከኋላና ከበታች ነው የሚጠጋው። ከበታች የሚሆነው ጠላት ከላይ ወደ ባሕሩ ሲያይ በጨለማው እንዳይለየው፣ እሱ ግን ሽቅብ ሲያይ ጥላውን በሰማዩ ላይ እንዲያገኘው ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የጠላት አውሮፕላን ማርሚታ ላይ ያለው እሳት ነው። ትንሽ ሰማያዊ ነበልባል። ያን ሲያይ ቅርቡ ደርሷል ማለት ነው። ትንሽ ቢፈጥን አልፎት ይሄድና ተኳሹ ፊት ይሰየማል። ወይ ከነነፍሱ ይላተመዋል። ትንሽ ቢዘገይ ደግሞ ነጥቧ ትጠፋለች፣ እንደገና ከዜሮ።

በዚህ ላይ ወገን ይሁን ጠላት በዓይኑ ማረጋገጥ አለበት። ከዚያ ሲተኩስ የገዛ መትረየሱ ብልጭታ ዓይኑን ያጠፋዋል። ጠላት ከፈነዳ ፍንጣሪው ፊቱ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ጨርሶ ተመልሶ ደግሞ የምትወዛወዝ መርከብ ላይ ማረፍ አለ። በቀን እንኳ ያስለቅሳል።


አላምንም፦

ጋሼ እሺ ተረታሁ። ትንሽ። ግን በአንድ ሌሊት ብዙ የጣለ የለም?


ታሪክ_ወዳድ፦

አለ! ሜጀር ካሮል ስሚዝ። የጦር ሠራዊቱ አየር ኃይል ሰው ነው፣ 418ኛው የሌሊት ተዋጊ ስኳድሮን። የሚያበረው ፒ-61 ነው፣ «ጥቁሯ መበለት» የሚሏት። እሷ ከመጀመሪያው ለሌሊት ተብላ የተሠራች ናት። ሁለት ትልልቅ ሞተር፣ ሆዷ ሥር አራት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ አፍንጫዋ ውስጥ ራዳር። ከአብራሪው ሌላ የራዳር ሠራተኛ የራሱ መቀመጫ አለው። ጋሼ ያሉት የሁለት ነጥብ ጣጣ ለአብራሪው የለም፣ «ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ ቀንስ» የሚለው ሌላ ሰው ነው። የመጀመሪያ ድሏን ያገኘችው ሳይፓን ላይ ጁን 30 ቀን 1944 ነው። የጣለችው ቤቲ ነው (ይቅርታ ቤቲዬ)።

ስሚዝ ዲሴምበር 29 ሌሊት 1944 ፊሊፒንስ ሚንዶሮ ላይ እስኪነጋ ድረስ አራት ጣለ። በድምሩ ሰባት አለው፣ ሁለቱን በሌላ አውሮፕላን ነው ያገኘው፣ አምስቱን በፒ-61። ከፒ-61 አብራሪዎች ሁሉ የሚበልጠው የለም። እኔን የሚቆረቁረኝ ከኋላ ተቀምጦ መንገዱን ያሳየው የራዳር ሠራተኛ ፊሊፕ ፖርተር ነው። ስሚዝ ስሚዝ ይባላል፣ ፖርተርን የሚያነሳ የለም። እሱ ባይኖር ስሚዝ ጨለማ ውስጥ ነዳጅ ፈጅቶ ይመለስ ነበር።


አላምንም፦

ግን እኔ ያነበብኩት ፒ-61 ቀርፋፋ ናት ነው። ፊሊፒንስ ሌይቴ ደሴት ላይ አልቻለችም ተብሎ ማሪን የሚባሉትን የባሕር እግረኛ ጦር አብራሪዎች ለምነው አይደል ያመጡት?


ታሪክ_ወዳድ፦

እሱ ልክ ነህ። ሌይቴ ላይ ጃፓኖቹ ሊነጋጋና ሊመሽ ሲል በፈጣን ተዋጊዎች ይመጡ ነበር፣ ፒ-61 አልደረሰችባቸውም። የጦር አዛዡ ጄኔራል ማክአርተርም የባሕር ኃይሉን ጠይቆ በዲሴምበር 1944 የማሪን የሌሊት ሄልካቶች ከፔለሊው ደሴት ወደ ሌይቴዋ ታክሎባን መጡ። ኩሩ ሰው ነበር፣ ያን መጠየቅ እንዴት እንደጎረበጠው አስቡት። 541ኛው ስኳድሮን ነው፣ በጥቂት ሳምንት ከሃያ በላይ ጣሉ። ግን ስሚዝ በዚያው ወር፣ በዚያችው «ቀርፋፋ» አውሮፕላን ነው አራቱን የጣለው። ስለዚህ መኪናውን ብቻ አትውቀስ።

የማሪኖቹ አንድና ብቸኛ የሌሊት ኤስ ደግሞ ካፒቴን ሮበርት ቤርድ ነው። ኦኪናዋ ላይ፣ በ1945 ጁንና ጁላይ፣ ስድስት። ስኳድሮኑ 533ኛው 35 ጥሏል፣ ከማሪን የሌሊት ስኳድሮኖች ሁሉ ይበልጣል።


ቤቲ_ነርስ፦

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚተኙት? እኔ አሥር ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ቀን ጎረቤት ሣር ሲያጭድ እንቅልፍ የለም። መርከብ ላይ ቀን ቀን መድፍ ይተኮሳል፣ አውሮፕላን ጭንቅላትህ ላይ ይነሣል፣ እንዴት ብሎ ነው ሰው የሚተኛው?


ታሪክ_ወዳድ፦

ቤቲ ጨዋታውን በአንድ ጥያቄ ጨረስሽው። ትልቁ ችግር እሱ ነበር።

በ1944 መጀመሪያ ላይ በየትልልቁ መርከብ ጥቂት ጥቂት የሌሊት አውሮፕላን ይመደብ ነበር። አዛዦቹ አይወዷቸውም። ለምን? አንድ አውሮፕላን በሌሊት ለማስነሣት መርከቧ ወደ ነፋሱ መዞር አለባት፣ ሰልፉ ይፈርሳል። ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የዋሉት የመድረኩ ሠራተኞችም ይቀሰቀሳሉ። ስለዚህ አብራሪዎቹ ዓይናቸው ጨለማ እንዲለምድ ቀይ መነጽር አድርገው እየጠበቁ ያድራሉ፣ ሳይጠሩ ይነጋል። ፌብሩዋሪ 1944 ትሩክ ደሴቶች አጠገብ ኢንትሬፒድ የምትባለው መርከብ በሌሊት ቶርፒዶ ተመታች። ትምህርቱ ውድ ነበር።

ኦገስት 1944 ላይ ነው አንዲት መርከብ ሙሉ በሙሉ ለሌሊት የተሰጠችው፣ ኢንዲፔንደንስ። ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ይሠራሉ፣ ሠራተኛውም እንደዚያው። ከባሕር ኃይሉ የሌሊት አብራሪዎች ብዙ በመጣል የሚመራው ከእሷ ላይ ሲነሣ የነበረው ዊልያም ሄንሪ ነው፣ ዘጠኝ ተኩል።


ሺካጎ_ሹፌር፦

ተኩል? ግማሽ አውሮፕላን እንዴት ይጣላል?


ታሪክ_ወዳድ፦

ሁለት ሰው አንዱን ሲመታው ተካፍለው ነው። ደግሞ ልብ በል፣ ዘጠኝ ተኩሉ ሁሉ የሌሊት አይደለም። እነዚህ «የሌሊት ኤስ» የሚባሉት ብዙዎቹ ቀንም ጥለዋል። ራስል ራይዘረርን እይ፣ የሌሊት አብራሪ ነው፣ ዘጠኝ አለው፣ አምስቱን ግን ጁን 19 ቀን 1944 ጉዋም ላይ በብርሃን ነው የጣለው። በጨለማ ብቻ ቁጠር ብትለኝ ዝርዝሩ በጣም ያጥራል።


ቤቲ_ነርስ፦

የሌሊት ሠራተኛ የቀን ሰው ሲቀርበት ተጠርቶ ይሠራል ማለት ነው። እናውቀዋለን።


ሰላም_ከዲሲ፦

ዘግይቼ ገባሁ። ስለ ኤስ ታወራላችሁ፣ እኔ የምወደው ታሪክ ውስጥ ግን አብራሪው አንድም ጥይት አልተኮሰም። ጃንዋሪ 30 ቀን 1945፣ ፊሊፒንስ፣ ካባናቱዋን። ከ500 በላይ እስረኞች ያሉበት የጃፓን ካምፕ ነው። ሬንጀር የሚባሉት የአሜሪካ ልዩ ጦር ወታደሮች ሊያስፈቷቸው መጡ። ችግሩ ካምፑ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ገላጣ ነው፣ መደበቂያ የለም። በደረታቸው እየተሳቡ መሻገር አለባቸው፣ ጃፓኑ ቀና ብሎ ካየ አለቀ።

ሊመሻሽ ሲል አንድ ፒ-61 መጣ። የ547ኛው ስኳድሮን ነው። አብራሪው ካምፑ አናት ላይ ሲደርስ አንዱን ሞተር ዘጋ። መልሶ ሲያስነሣው ቧ! እንደተበላሸ ሚኒባስ ጮኸ። ደግሞ ዘጋ፣ ደግሞ ቧ! ከፍታው እየወረደ፣ ሊወድቅ የደረሰ እየመሰለ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ዞረ። ጠባቂዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ሽቅብ ያያሉ፣ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ እያሉ። ሬንጀሮቹ ከታች በሆዳቸው እየተሳቡ አጥሩ ጋ ደረሱ። እስረኞቹም ወጡ።


አላምንም፦

ይሄኛው አሪፍ ነው። የምር። ይሄ በቁጥር የማይያዝ ነው።


የደብረዘይቱ፦

ሞተሩን እየዘጉ እያስነሡ ዝቅ ብሎ መብረር ለመካኒክ ራስ ምታት ነው። ያ ሞተር ያለመነሣት መብት እኮ አለው። መሬት ላይ ሞተሩን ያዘጋጀው ልጅ በዚያ ሰዓት ቢያይ ኖሮ ፀጉሩን ይነጭ ነበር።


ታሪክ_ወዳድ፦

ጥይት የሌለበት ካላችሁ አንድ ልጨምር። ጦርነቱ ሊያበቃ በሰዓታት የሚቆጠር ጊዜ ሲቀር፣ ኦገስት 14 ለ15 አጥቢያ 1945፣ ኢየሺማ ደሴት ላይ የነበረ ሌላ ፒ-61 አንድ የጃፓን ተዋጊ ያዘ። እየተከተለው ዝቅ፣ እሱም ዝቅ፣ እንደገና ዝቅ። ጃፓኑ ሊያመልጥ ሲጠማዘዝ ባሕሩ ውስጥ ገባ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ጦርነቱ በጠዋቱ አበቃ። ያ ልጅ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ቤቱ ይገባ ነበር።


ቤቲ_ነርስ፦

እሱን ባትነግረን ይሻል ነበር።


ሺካጎ_ሹፌር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ በተለይ እርስዎን። ያ ቀይ መነጽር ነገር ግን አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ስንት ሰዓት ይፈልጋል?


የደብረዘይቱ፦

ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ነው ልጄ። አንዲት ነጭ ብርሃን ካየህ ግን ሁሉም ይፈርሳል። በቀይ መነጽር የሚጠብቁት ለዚህ ነው፣ ቀዩ ብዙም አይጎዳውም።


ሺካጎ_ሹፌር፦

ሞከርኩት ጋሼ። ትናንት ሌሊት ታክሲዎቹ የሚጠብቁበት ቦታ ጥግ ይዤ መኪናውን አጠፋሁ፣ ስልኩን በፊቱ ደፋሁ፣ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ የአጥሩ ሽቦ አንድ በአንድ መታየት ጀመረ። ከዚያ ማዶ ያለው ሣር። ከዚያ ከሩቅ የሚያርፈው አውሮፕላን መብራቱ ብቻ ሳይሆን ክንፉም ታየኝ፣ እውነቴን ነው፣ ጥላው። ልክ እየተዋጠልኝ ሲመጣ ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት፣ ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ሁሉም ጠፋ።

ተርሚናል 5፣ አራት ሻንጣ። ሄድኩ።